ዳኛው ያላደረሰው ቃል

ነጋዴው ዳኛው ለቅሶ ቤት የገባው በሣልስቱ ዕለት ነው። ከደጅ ጀምሮ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ደረቱን ሲደቃ ድምፁ ከለቀስተኛው ሁሉ በለጠ። ወንዶቹ ይዘው አስቀመጡት። ሐረገወይን ማቋን እንደለበሰች ከሰሌኑ ላይ ሆና አየችው። ከሟቹ ባሏ ከሀብተማርያም ጋር በሳንጃ መንገድ ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰሊጥ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ሁሉንም እየዞረ ሲያይ እሷን ግን አላያትም።

«እንባውስ ሸጋ ነው» አለች የሟች እህት እናኑ፣ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ምነው ታዲያ ዐይኑን ካንቺ አሸሸ?»

የሐረገወይን ልብ ቀሐ ወንዝ ወርዶ ነበር። ባለፈው ጥምቀት አንድ ሰው ከፋሲል መዋኛ ሰጥሞ ሲንፈራገጥ፣ ሀብተማርያም ከነጋቢው ዘሎ ገብቶ አወጣው። እየተንቀጠቀጠ ቤት ሲገባ ተቆጣችው።

«ዘመድህ ነው?»

«እኔ እንጃ» አላት እየሳቀ። «ስሙንም አልጠየቅሁት።»

ያ ቁጣዋ አሁን ትዝ አላት። ምነው እንደገና ርሶ በመጣላት! ምነው እንደገና በተቆጣችው!

አሟሟቱን የምታውቀው በወሬ ነው። ከሳንጃ ወደ ጎንደር በእግሩ ሲመለስ፣ ግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረው ወባ ጣለው። ዓርብ ጧት መንገደኞች ከዋንዛ ሥር ሲያገኙት ገላው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ብቻውን ሞተ ተባለ። እንቅልፍ የነሳት ይህ «ብቻውን» የሚሉት ቃል ነው።

በአምስተኛው ቀን አንድ የፖሊስ አምሳ አለቃ መጣ። ቆቡን አውልቆ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ካለ በኋላ ጥቂት ተቀመጠ፤ ከዚያ ወደ ሐረገወይን ዞረ።

«እህቴ፣ በሐዘንዎ ላይ መምጣቴን ይቅር ይበሉኝ። መንገድ ዳር ጠላ የምትሸጥ ሴት ቃሏን ሰጥታለች። ረቡዕ ቀትር ላይ ዳኛው ሁለት በቅሎ ጭኖ ሲመጣ ከባለቤትዎ አጠገብ ቆመ፤ ተነጋገሩ። ከዚያ ጥሎት ሄደ።»



«አልገደለውም» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ማለፍ ከመቼ ወዲህ ነው ወንጀል የሆነው?»

«ባለፈው ሚያዝያ አዲሱ የጃንሆይ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከጸና ወዲህ ነው፣ አባቴ። ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ወድቆ እያየ፣ መርዳት ሲችል ጥሎት የሄደ ይቀጣል። ብቻ ሴትዮዋ የተባባሉትን አልሰማችም። እሱም አላየሁትም ብሎ ክዷል።»

እናኑ «ይሰቀል!» ብላ ጮኸች። ሐረገወይን ግን ከተባለው ሁሉ የያዘችው አንዲት ነገር ነበር፤ «ተነጋገሩ»። የሀብተማርያም የመጨረሻ ቃል አልጠፋም ማለት ነው። እዚሁ ሠፈር፣ በአንድ ሰው ሆድ ውስጥ አለ።

በሰባተኛው ቀን ዳኛው ሲመጣ ተነሥታ ከደጁ ጥግ አስቆመችው።

«አያ ዳኛው፣ ምን አለህ?»

«ማን?»

«በቁስቋሟ እመቤት ይዤሃለሁ። ክሱ የመንግሥት ነው፤ የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሰማሁት ድምፅ ናፈቀኝ። ምን አለህ?»

ሰው እንዳይሰማ ዞር ብሎ አየ። «ከተናገርሁ እኮ ታሰርሁ።»

«አውቃለሁ።»

 ዳኛው ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ውሃ ለመነኝ። ቅሌን ወርውሬለት ራቅ ብዬ ቆምሁ። ተስቦ መስሎኝ ነው፤ ልጄን በተስቦ ቀብሬያለሁ፤ ፈራሁ። አንዱን በቅሎ አራግፌ ልጭነው እችል ነበር። ሰሊጡን ማን ይጠብቅልኛል ብዬ አለፍሁ። አልተቆጣኝም። ‹ግዴለም ሂድ፤ ሐረግን መጣሁ በላት› አለኝ።»

«መጣሁ በላት?»

«መጣሁ በላት። የዚያኑ ማታ በደጅሽ ሳልፍ መብራቱ ይታይ ነበር። ዐፍሬ ዝም አልሁ።»

ሐሙስን ሙሉ ሀብተማርያም በሕይወት ነበር። እሷ ሐሙስን ጌሾ ስትወቅጥ፣ ከጎረቤት ጋር ስትስቅ ዋለች። 

«ደግመህ በለው» አለችው።

ደገመው። ዐይኗን ጨፍና በዚያ ሻካራ ድምፅ ውስጥ የባሏን ድምፅ ፈለገች።

ነገሩ ሲሰማ ሽማግሌዎቹ ዕርቅ ይሁን አሉ፤ እናኑ ደም አለች። ሐረገወይን ከሁለቱም አልወገነችም።

«ለእኔ የነገርኸኝን ለችሎቱም ንገር» አለችው። «ሌላ ሴት ደግሞ እንደኔ ባሏ መንገድ ላይ ተጥሎባት እንዳትቀር።»

ሄዶ ተናገረ። አርባው ሳይደርስ አራት ወር እስራት ተፈረደበት። ከችሎቱ ሲያወጡት ሐረገወይን ቀረበችው፤ ሰው ሁሉ ልትረግመው መሰለው።

«አንዲት ነገር ሳልጠይቅህ ቀረሁ» አለችው። «በየትኛው ጎኑ ነበር የተኛው?»

ዳኛው አቀረቀረ። «በቀኙ። ፊቱን ወደ ጎንደር አዙሮ።»

ቤት ስትደርስ እናኑ እህል ልታቀርብላት ተነሣች። እሷ ግን ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሰሌኑን ጎትታ አዞረችው። ፊቷን ወደ ሳንጃ አድርጋ፣ ከሱ ፊት ለፊት እንደምትተኛ ሁሉ በግራ ጎኗ ጋደም አለች፤ እጇንም ከፊት ለፊቷ ባለው ባዶ ሰሌን ላይ ዘረጋች።