ከሳጥኑ የወጣችው አንዲት ድምፅ

የእንግሊዙ ሹም የምርጫ ሳጥኑን በጀልባ ጭኖ ሳይደርስ፣ ሽማግሌዎቹ በመንደሩ አዳራሽ በማኔአባው ተቀምጠው ነገሩን ጨርሰውት ነበር። ለምክር ቤቱ የሚላከው ካይዌአ ነው፤ መንደሩ በሙሉ ለእሱ ይሰጣል። ሳጥኑ ሲከፈት ግን አንዲት ድምፅ ለባራኒኮ፣ ከደሴቲቱ ሌላ ጫፍ ለመጣው ተቀናቃኝ ወጣች። የሁለቱ መንደር ድምፅ ሲደመር ደግሞ ካይዌአ የተሸነፈው በአንድ ድምፅ ነው።

ጣት ሁሉ ሚካኤሬ ላይ ተቀሰረ። የባራኒኮ መንደር ልጅ ነው፤ የካይዌአን ልጅ አግብቶ እዚሁ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ነፍሰ ጡር ሚስቱን አስጥለው ነገውኑ ወደ አገሩ ሊመልሱት ነው።

የካይዌአ ሚስት ቴሬቲያ ግን የነገር ሥር ካላገኘች እንቅልፍ አይወስዳትም። አማቿን ይዛ፣ «ዓይኔን እያየህ ንገረኝ፣ አንተ ነህ?» አለችው።

«የአባቴ አጥንት ይውጋኝ እማማ! ለአባባ ነው የሰጠሁት።»

አመነችው። ታዲያ ማን ነው? ጎደሬ የሚቆፍሩትን ሴቶች ጠየቀች፤ ከኮኮናት ዛፍ ላይ ጭማቂ የሚያወርዱትን ወንዶች ከሥር ሆና ጠየቀች። «ደግሞ ፖሊስ ሆንሽብን?» እያሉ ሳቁባት። ሁሉም ለካይዌአ መስጠታቸውን ማሉላት።

አመሻሽ ላይ ዓሣ ስትጠብስ አንድ ያልጠየቀችው ሰው ትዝ አላት። ተወዳዳሪውን ማን ይጠይቃል?

«አንተ ሰውዬ፣ ለማን ሰጠህ?»

ካይዌአ አቀረቀረ። «ራሴን ልምረጥ እንዴ? ስሜን ሳየው እጄ እምቢ አለኝ። ሰው እንዴት ‹ከሁላችሁ እበልጣለሁ› ብሎ ምልክት ያደርጋል? ባዶውን ልመልሰው ብል ደግሞ የሹሙን ወረቀት መናቅ መሰለኝ።»

«እና ልጅህ ባሏን ትጣ?»

«አፈርኩ፣ ቴሬቲያ።»

«እፍረትህን ዋጠው! ነገ ትናገራለህ።»

በማግስቱ ማኔአባው ውስጥ፣ መሬት መሬት እያየ ተናገረ።

«ለራስህ ብትሰጥ ኖሮ ታሸንፍ ነበር?» አለው የሽማግሌዎቹ ታላቅ።

«አዎ።»

«ራስህን የምትመርጥ ሰው ብትሆን ኖሮስ መቼ እናጭህ ነበር?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ካይዌአ አልሳቀም፤ የምክር ቤቱን ወንበር ከልቡ ፈልጎት ነበር። ሚካኤሬ ከጠዋት ጀምሮ ሰላም የሚለው አጥቶ ግድግዳ ከሌለው አዳራሽ ክዳን ጥላ ውጭ ብቻውን ተቀምጧል። ካይዌአ ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለና፣ «ና ልጄ፣ ቦታህ እዚህ ነው» አለው።

ሚካኤሬ ቶሎ አልተነሣም። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።