ገልብጬ የለጠፍኳት ማግኔት

ፍኖተ ሰላም ላይ ሬዲዮ ስጠግን ከሞቱ ኢርፎኖች የማወጣቸው ማግኔቶች ጠፍጣፋ ሽምብራ ያህላሉ። እኔ ግን ለደንበኛ ሁሉ፣ «በአንዷ የቡሬን አውቶብስ ዳገት ላይ ቀጥ አድርጌ አቁሜያለሁ፤ ሾፌሩ ወርዶ ለምኖኛል» እላለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማረ ሰው ምን ይሳነዋል?

ቁም ነገር የሠራሁባቸው ለጋሼ ዘሩ ነው። ጋሼ ዘሩ በሰማንያ ሦስት የተበተነው ጦር ወታደር ነበሩ። ከዋንዛ እንጨት ጣት የሚያህሉ ወታደሮች ይቀርጻሉ፤ ሳንቃ ላይ ደርድረን እንዋጋለን። ሳንቲም ወርውረን አንበሳው ከወጣ ወታደሩ ይራመዳል፤ ካልወጣ ከመቆሚያው ተነስቶ ኪስ ይገባል። መቆሚያው የሃይላንድ ክዳን ነው። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለቱም ጦር ስለሚረፈረፍ ሳንቃውን ቆርቆሮ አለበስኩት፤ በየክዳኑና በየወታደሩ እግር ሥር ማግኔት ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲያ የወደቀ የለም።

ሚሌኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው ከጅጋ መልእክት መጣባቸው። የጦር ጓዳቸው የነበረው የመልካሙ እናት፣ እማማ አስካለ ማርያም፣ «ልጄ እንዴት እንደሞተ ዘሩ መጥቶ ይንገረኝ» ብለዋል። ጋሼ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ጅጋ ላይ ወርደው አያውቁም።

«በአፌ አልችለውም» አሉኝ። «በሳንቃው ላሳያቸው። አንተ ግን እዚያ እንዳትዘባርቅ!»

«ጋሼ፣ እኔ መቼ ዘባርቄ አውቃለሁ?»

መልካሙ በሞተበት ውጊያ መትረየሱ ላይ የነበሩት ሁለቱ ናቸው፤ መልካሙ ተኳሽ፣ ጋሼ ጥይት አቀባይ። ለሁለቱ ሁለት ማግኔት የለጠፍኩበት አንድ የጀሪካን ክዳን ሰጠኋቸው። የጋሼን ወታደር እግር ማግኔት የለጠፍኩት በምንሄድበት ጠዋት፣ ሚኒባሱ ጥሩምባውን እየነፋብኝ ነው።

ጅጋ፣ እማማ ቤት ሳንቃው ተዘረጋ።

«ጉብታው ይኸ ነው። መልካሙ እዚህ» አሉ ጋሼ። መልካሙ ጠቅ ብሎ ቆመ።

«አንተስ?» አሉ እማማ።

«እኔማ አጠገቡ ነበርኩ፤ እስከ መጨረሻው።»

የራሳቸውን ወታደር ክዳኑ ላይ አስቀመጡት። ፈንጠር ብሎ ወደቀ። ደግመው አስቀመጡት፤ ተገፍቶ ከሳንቃው ወረደ።

«ምነው፣ አልቆም አለ?» አሉ እማማ።

ገባኝ። ማግኔቷን ገልብጬ ለጥፌያታለሁ። የምናገረው ውሸት እንኳ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ጋሼ ወታደሩን ከመሬት አንስተው ሲጨብጡት ሳይ ዋጥኩት።

«አልቆምኩም፣ እማማ» አሉ። «ጥይት ላምጣ ብዬ ሄድኩ። አልተመለስኩም።»

እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ተናግሯል?»

«ተጣርቷል። ስሜን። እየሄድኩ ሰማሁት።»

«ስምህን?» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ ብቻውን ነኝ ብሎ የሞተ ይመስለኝ ነበር። ሰው አለኝ ብሎ ነዋ የሞተው!»

ተነስተው መልካሙን ከክዳኑ ላይ አላቀቁት፤ ወስደው የቤቱ ቆርቆሮ በር ላይ ለጠፉት። ያዘ።

«ይኸ እዚህ ይቀመጣል። አንተ እየመጣህ ታየዋለህ። ሰማኸኝ ዘሩ? ጠፍተህ እንዳትቀር።»

ስንመለስ ጋሼ የራሳቸውን ወታደር ጨብጠው ነበር። አላስችል አለኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት? ማግኔቷን ገልብጬ ለጥፌያት ነው።»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀጣፊ!»

«ማርያምን!»

«አውቶብሱንም በማርያም ምለህ ነው ያቆምከው።»

ማግኔቷን ላስተካክላት እጄን ብዘረጋ፣ ጭብጣቸውን አልፈቱልኝም።