የሳሙና ሽታ

«አልወጋም» አሉ ንብ አርቢዋ፣ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው። «ያልገባኝን ነገር በልጅ ሥጋ ውስጥ አልከትም።»

ሴት ልጃቸው ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች። ነገ ለሥራ ሩቅ ትሄዳለች፤ ሦስት ወር ትቆያለች። የስምንት ዓመቷ ልጇ ከአያቷ ጋር የምትቀረው፣ አያትየዋ ዛሬ በሐኪሟ ፊት ኢንሱሊኑን በትክክል ከወጉ ብቻ ነው። አለዚያ አክስቷ ዘንድ ትሄዳለች። አክስትየዋ ደግሞ ድስት ጥዳ የምትረሳ ሴት ናት።

«እማዬ፣ ስንቴ እንንገርሽ?»

«ስኳር አለባት ነው ያላችሁኝ። ማር ያላስኳት እኔ ነኝ። ከጠረጠርሽኝ በአፍሽ አውጪው!»

ሴት ልጃቸው አቀረቀረች። ወር ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሲዞር የከረመው ነገር በመጨረሻ ተነገረ።

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠጋች። «ማሩ አይደለም፣ እማማ። ደማችን ውስጥ ከበሽታ የሚጠብቁን ነጭ ሴሎች አሉ። ባዕድ ሲገባ ለይተው ይገድሉታል። የእሷዎቹ ግን ተሳስተው፣ ቆሽቷ ውስጥ ኢንሱሊን የሚሠሩትን የገዛ ሴሎቿን ገደሉባት።»

«ባዕዱን በምን ይለዩታል?»

«ሴል ሁሉ ላዩ ላይ ምልክት አለው። እሱን ዳስሰው ነው።»

አሮጊቷ ንቦቻቸውን አስታወሱ። አምና ነፋስ ቀፎ ጥሎባቸው፣ መሬት የፈሰሱትን ንቦች ለቅመው ባዶ የሳሙና ካርቶን ውስጥ አሳደሯቸው። ጠዋት ከገዛ ቀፏቸው ደጅ ለቀቋቸው። በሩን የሚጠብቁት ንቦች ጠጋ ብለው አሸተቷቸው፤ ሽታቸው ሳሙና ቢሆንባቸው የእናታቸውን ልጆች አንድ በአንድ ነድፈው ጣሏቸው። ሬሳቸውን በእፍኛቸው ሲያነሱ ያፈሩትን ያህል በዕድሜያቸው አፍረው አያውቁም።

ይህንኑ ለሐኪሟ ነገሯት። ከዚያ «ታዲያ የልጄን ሴሎች ማን ሳሙና አስነካብኝ?» አሉ።

ሐኪሟ ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «እሱን እኛም ገና አጥርተን አናውቅም። በዘር የሚወረስ ነገር አለበት፤ ቫይረስም ሳይቀሰቅሰው አይቀርም ይባላል።»

«አናውቅም በዪኝ እንጂ! ግድግዳው ሙሉ የምስክር ወረቀት ሰቅለሽ።» ተቆጡ እንጂ ዓይናቸው በርቶ ነበር። «እኔ ቀፎ ስከፍት ጭስ እለቅባቸዋለሁ፣ ይረጋሉ። ለእነዚህ ጭስ የላችሁም?»

«ገና ላልጠናባቸው ሰዎች የሚያዘገይ መድኃኒት አለ። ለእሷ ረፍዷል። የሞቱት ይሠሩት የነበረውን እኛ ከውጭ እናመጣላታለን፤ በየቀኑ።»

«እስከ መቼ?»

«እስካለች።»

ንብ አርቢዋ መርፌውን አነሱ። ማንበብ አያውቁም፤ መስመር በመቁጠር ግን ማንም አይቀድማቸውም። ኢንሱሊኑን ስበው አራተኛዋ ላይ ሲደርሱ ለሐኪሟ አሳዩ። ሐኪሟ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«አያቴ፣ እንደ ንብ ያማል?» አለች ትንሿ ልጅ።

«ንብ ይብሳል። ደግሞ እኔ ስወጋ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የሆዷን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው ወጉ፤ እስከ አስር ቆጥረውም መርፌውን ነቀሉ። ሴት ልጃቸው አክስትየዋ ጋ ልትደውል ያወጣችውን ስልክ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው።

«ጠባቂዎቹ አሁንም ውስጤ አሉ?» አለች ትንሿ።

«አሉ» አሏት አያቷ።

«ይጠሉኛል?»

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው፣ ቀፎ ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት፣ ጆሯቸውን ሆዷ ላይ ለጠፉ።

«ምን ይላሉ?»

«ቆይ፣ አትንቀሳቀሺ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «ገና እየሰማኋቸው ነው።»