የእማማ ዘመናይ ማብሪያ

አሰላ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ወሬ የሚያወራ ሰው ካለ ገና አልተወለደም። ችግሩ ሰሚ ማለቁ ነው። ባለቤቴ ውድነሽ መስማት ያቆመችው በሠርጋችን ማግስት ነው። ጎረቤቶቼ ገና አፌን ስከፍት እሳት ላይ የጣዱት ነገር ትዝ ይላቸዋል። የቀሩኝ አብረውን የሚኖሩት አማቴ እማማ ዘመናይ ብቻ ናቸው። ጭላሎ ተራራ ላይ ከነብር ጋር በአንዲት ቀጭን መንገድ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተን መተላለፋችንን ስነግራቸው መቁጠሪያቸውን ያቆሙና «በስመአብ! ከዚያስ?» ይላሉ። «ከዚያስ?» የምትለው ቃል ለእኔ እህል ውሃ ናት።

ስለዚህ በቀደም እማማ መብራት ሊያበሩ በጨለማ ሲሄዱ በርጩማ ጠልፏቸው ጉልበታቸው ሲያብጥ፣ የእኔም ዕዳ አብሮ አበጠ። ወዲያው ወንድ ልጃቸው የኋላሸት ከኢተያ ደወለ። የስንዴ ነጋዴ ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ቤት ይገባል፤ ይህን እንኳ አላጋነንኩም።

«ጋሼ፣ እሑድ መጥቼ እናቴን እወስዳታለሁ» አለኝ። «ማብሪያው ከአልጋዋ አንድ አገር ይርቃል። እኔ ጋ ራስጌዋ ነው የሚሆነው።»

«እሑድ ስትመጣ» አልኩት፣ «እናትህ ከአልጋቸው ሳይነሱ አሰላን በሙሉ ሲያበሩ ታያለህ!»

እንዴት ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። የእኔ አሠራር ቅደም ተከተሉ እንደዚያ ነው።

ወደ ከዲጃ ሱቅ ሄድኩ። ከዲጃ ጎረቤታችን ናት፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ ትሸጣለች። ስማርት የሚባለውን ማብሪያ ከነትንሽ ሪሞቱ አወጣችልኝ። በስልክም በሪሞትም ይታዘዛል። አማቴ ሪሞቷን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ሲያስሯት ታየኝ።

«ስማ ይበልጣል፣ ቤትህ ግድግዳ ላይ ማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኑል ሽቦ አለ?» አለችኝ። «ይሄ ዕቃ ለራሱም መብራት ይፈልጋል። አምፖሉ ጠፍቶ እንኳ እሱ ነቅቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። ስለዚህ ኃይል የሚያመጣለት ፌዝ ብቻውን አይበቃውም፤ ኃይሉ የሚመለስበት ኑልም ያስፈልገዋል።»

«እኔ ቤት የሌለ ነገር፣ ስሚኝ ከዲጃ፣ ገና አልተፈበረከም።»

«ከፍተህ አይተሃል?»

«የገዛ ቤቱን ማን ከፍቶ ያያል?»

«ቶሌ» አለች። በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው፤ እሷ ግን የምትለው ስትመለስ እንገናኛለን ለማለት ይመስለኛል።

እሑድ ከሰዓት ብሬከሩን አጥፍቼ የእማማን ማብሪያ ፈታሁት። ከግድግዳው ሁለት ሽቦ ብቅ አለ። ሁለት ብቻ! ሁለቱም ቀይ። ተራ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጣል። እኔ ግን ሽቦዎቹን አራርቄ፣ ብሬከሩን መልሼ አብርቼ፣ በቴስተር ነካ ነካ አደረግኳቸው። አንደኛው ቴስተሩን አበራው፤ ፌዝ ነው። ሁለተኛው አላበራውም፤ ፌዝ ካልሆነ እንግዲህ ኑል ነው። ሳይንስ ማለት ይሄ ነው። እንደገና አጥፍቼ አንዱን በፌዙ ቀዳዳ፣ ሌላውን በኑሉ ቀዳዳ አስገብቼ አጠበቅኳቸው።

«ሦስተኛው ቀዳዳስ?» አለች ውድነሽ፣ በር ላይ እጇን አጣምራ።

«ትርፍ ነው።»

«አምፖል ተሥሎበታል እኮ።»

«ጌጥ ነው፣ ውዴ። ፋብሪካ ሲደላው ይሥላል።»

ብሬከሩን ሳላበራ ተውኩት። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለ ምስክር አይከፈትም።

ሲመሻሽ የኋላሸት መጣ። ከዲጃም ጉልበታቸውን ልትጠይቅ ብላ መጣች፤ ዓይኗ ግን ማብሪያው ላይ ነበር። ሁላችንም እማማ አልጋ ዙሪያ ተቀመጥን።

እማማ ከኩራዝ ዘመን ይዘውት የመጡት አንድ ሕግ አለ። ሲመሽ መብራት በበራ ቁጥር «እንደምን አመሻችሁ» ይላሉ፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ይመልሳል። እውነቱን ለመናገር ሰሞኑን ችላ ብለነው ነበር። ውድነሽ ከሽንኩርቷ፣ እኔ ከስልኬ ቀና ሳንል እናጉተመትም ነበር። ዛሬ ግን እንግዳ አለ። በእንግዳ ፊት ማን ተቀምጦ ይመልሳል?

ሪሞቷን ለእማማ ሰጥቼ፣ ሄጄ ብሬከሩን አበራሁና እየሮጥኩ ተመለስኩ።

አምፖሉ ቦግ አለ።

«እንደምን አመሻችሁ» አሉ እማማ።

ብድግ አልን። «እግዚአብሔር ይመስገን! እንደምን አመሹ!» ከዲጃም «አልሃምዱሊላህ፣ እማማ!» አለች። የኋላሸት ወንበሩን ይዞ ተነሳ፤ ሳይቀመጥ አምፖሉ ድርግም አለ። ወዲያው ደግሞ ቦግ።

«እንደምን አመሻችሁ!»

ብድግ። ድርግም። ቦግ።

«እንደምን አመሻችሁ ልጆቼ!»

«እማማ፣ ሪሞቱን አይጫኑት!» አልኩ ቆሜ።

«መቼ ነካሁት? ራሱ ነው እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። ማብሪያው ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ራሷ ብልጭ ትልና ትሞታለች። አምፖሉ ዓይኑን እንደሚጠቅስ ጎረምሳ ሆነ፤ እማማም አንዷን ጥቅሻ ሳያስመልጡ ሰላም ይሉናል። የኋላሸት በላብ ተጠመቀ። እንደዚያ ሰው የተነሳና የተቀመጠ በሑዳዴ ስግደት እንኳ አላየሁም።

«ጋሼ» አለ እያለከለከ፣ «ወይ አብራው ወይ ግደለኝ!»

ሮጬ ብሬከሩን ዘጋሁት። ስመለስ ውድነሽ የስልኳን ባትሪ ፊቴ ላይ አብርታ ጠበቀችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለተኛው ሽቦ ኑል ከሆነ፣ ወደ አምፖሉ የሚሄደው የቱ ነው?»

አፌን ከፈትኩ። ባዶ ሆኖ ተዘጋ። የአሰላ ሰው ይህችን ቀን በዓል ሊያደርጋት ይገባ ነበር። ለካስ ፌዝ ከላይ ወደ ማብሪያው ይወርዳል፤ ማብሪያው ሲፈቅድለት በሁለተኛው ሽቦ ተመልሶ ወደ አምፖሉ ይወጣል። ቴስተሩን ያላበራው ኑል ስለሆነ ሳይሆን፣ ገና ስላልተፈቀደለት ነው። ኑሉማ መቼ ወደ እኛ ወረደ! ኮርኒስ ውስጥ አምፖሉ ጋ ተኝቷል። እኔ ማብሪያውን በአምፖሉ ጉሮሮ በኩል ላበላው ስሞክር፣ ሁለቱም አንድ ጉርሻ እየተናጠቁ ነበር።

ከዲጃ በጨለማው ውስጥ ሳቋን ዋጠች።

«በቃ እማዬ፣ ተነሺ» አለ የኋላሸት። «መኪናው ደጅ ነው።»

ነብሬን ይዤ ብቻዬን ልቀር ነው።

«የት?» አሉ እማማ።

«ኢተያ ነዋ! ይሄ ቤት ነው?»

«አንተ ቤት ማን ብድግ ይልልኛል? ለፋሲካ መጥቼ መብራት ሲበራ እንደምን አመሻችሁ ብላቸው፣ ልጆችህ ከቴሌቪዥኑ አንገታቸውን አላዞሩም። ዛሬ እዚህ የስንት ዓመቱን ሰላምታ ባንድ ምሽት ተቀበልኩ። ንቅንቅ አልልም።»

የኋላሸት ዳግመኛ ከመነሳት ይልቅ መሸነፍ ሳይቀለው አልቀረም። ራት በልቶ ብቻውን ሄደ።

በማግስቱ ከዲጃ ጋ ሄጄ ሽቦ ገዛሁ። «ቶሌ» አለች። ኮርኒሱን ከፍቼ ከአምፖሉ ኑል ወደ ማብሪያው አወረድኩ፤ ወደ አምፖሉ የሚወጣውንም ሽቦ ፋብሪካው ጌጥ ባደረገበት ቀዳዳ አስገባሁት። ማብሪያው እንደ ወታደር ታዘዘ። የአርሲን መብራት በሙሉ አዲስ ብዘረጋ እንደዚያ አልኮራም ነበር።

ያን ዕለት ማታ እማማ ሪሞቷን አንገታቸው ላይ አስረው ጋደም አሉ። ውድነሽ ጥጥ ይዛ አጠገባቸው፣ እኔም እግራቸው ሥር ተቀምጬ ነብሬን ጀመርኩ። ድል ስላደረግኩ ነብሮቹን ሦስት አደረግኳቸው።

«ከዚያስ?» አሉ እማማ።

«ከዚያማ ሦስተኛው ተንበርክኮ ጫማዬን...»

ጠቅ። ጨለመ። ጠቅ። በራ።

«እንደምን አመሻችሁ።»

እኔና ውድነሽ ብድግ አልን። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አመሹ።» ተቀመጥኩ። «የት ደርሼ ነበር፣ እማማ?»

«ነብሮቹ ሁለት ከነበሩበት» አሉ፣ ጣታቸውን ከሪሞቷ ሳያነሱ።

ውድነሽ በሠርጋችን ማግስት ካቆመችበት ጀምራ መስማት የጀመረች መሰለኝ፤ ጥጧን አስቀምጣ ተጠጋችን። አሁን በየምሽቱ ሦስታችን ነን። ታሪኩ በተንጠራራ ቁጥር እማማ ጠቅ ያደርጋሉ፣ እኔ እነሳለሁ፣ ስቀመጥ ታሪኩ አጥሮ ይጠብቀኛል። ትናንት ማታ ነብሩ ድመት ሆኖ አደረ። እሱም ቢሆን፣ እማማ እንዳሉት፣ የከዲጃ ድመት ሳይሆን አይቀርም።