መቃብር ላይ የተቀባው ነጭ ምልክት

አለቃዬን ጉናዲን በሥራ ላይ እያለን «ፓክ»፣ አቶ እንደማለት፣ እያልኩ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ግን «እሱ» እያልኩ ባወራ አትቀየሙኝ፤ ያደረገውን ስትሰሙ እናንተም አንቱታውን ትነፍጉታላችሁ።

ሦስት ነበርን፤ ከሱራባያ ከተማ የመጣው ጉናዲ፣ ሹፌሩ ዳርሞ፣ እና እኔ፣ የሱምባ ደሴት ልጅ፣ ኩፓንግ ከተማ ቅየሳ የተማርኩት ራምቡ ሃዳ። አውሮፕላን ምሥራቃዊ ደሴታችንን ፎቶ ሊያነሳ ነው፤ እኛ ቀድመን መሬት ላይ አሥራ ሁለት ነጥቦች እናበጃለን። ገላጣ ሜዳ ላይ ከሰማይ የሚታይ ትልቅ ነጭ የመደመር ምልክት እንሠራለን፤ መሃሉ ላይ የሳተላይት መቀበያ አቁመን ሁለት ሰዓት እንለካለን። ፎቶው ከመሬቱ ጋር የሚገጥመው በእነዚህ ምልክቶች ነው፤ አንዱ ከጎደለ በዚያ በኩል ያለው ካርታ ይንሻፈፋል።

አውሮፕላኑ ዓርብ ጠዋት ይመጣል። ረቡዕ ዕለት የቀረን አንድ ነጥብ ነበር፤ ፕራይ ማራና የሚባል መንደር። ከመንደሩ ውጭ ያለውን የፈረሶች መሰማሪያ መርጬ ነበር። እኔ ኮረብታው ላይ የአሥራ አንደኛውን ነጥብ ልኬት ስጨርስ እነሱ ቀድመው ወረዱ።

ስደርስ ጉናዲ ብሩሽ ይዞ የመንደሩ ሽማግሌ የኡምቡ ንዲሉ እናት መቃብር ላይ ቆሟል። ከነጫማው!

እኛ ሙታናችንን የምናኖረው መንደር መሃል፣ ከደጃችን ፊት ነው። ያን ሰፊ ድንጋይ ሁለት መቶ ሰው በገመድ አምስት ቀን ጎትቶ ነው ከወንዝ ማዶ ያመጣው። ጉናዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ የመደመር ምልክት በዘይት ቀለም ለቅልቆበታል።

«ፓክ! ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን የመሰለ ቦታ አገኘሁ! ጠፍጣፋ ነው፣ አይነቃነቅ፣ ሰማዩ ክፍት። ጉድጓድ መቆፈር የለ፣ ኖራ መበተን የለ።»

«መቃብር እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። ዝናብ ያጥበዋል።»

«የዘይት ቀለም ዝናብ ያጥበዋል? ቀያሽ ነዎት ወይስ ቀልደኛ? ማንን አስፈቀዱ?»

«መንደሩ ባዶ ነው። አንዲት አሮጊት ብቻ እጇን ስታውለበልብ ሰላም አልኳት።»

ዞር ብዬ አየሁ። መንደርተኛው ሩዝ አጨዳ ሄዷል፤ እማማ ኮንዳ ብቻ በረንዳ ላይ ናቸው። ከጩኸት ብዛት ድምፃቸው ተዘግቶ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷል። «ውረድ፣ ውረድ ብዬ ስጮህ፣ ይስቅብኛል» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ጉናዲ የነጥቡን ቅጽ ዘረጋልኝና «ባለቤት በሚለው ላይ የለውም ብለሽ ሙይ» አለኝ።

ቅጹን ቀደድኩት።

አመሻሹ ላይ ሰው ከአጨዳ ተመለሰ። ኡምቡ ንዲሉ የእናታቸውን ድንጋይ ዞሩት፤ ቀለሙን በጣታቸው ነካ አደረጉ። ጠላት እንኳ ደጃችን ሲቆም ፒናንግ፣ የሚታኘከው ፍሬ፣ ይቀርብለታል። ለእኛ አልቀረበም። ጉናዲ ይህ ስድብ መሆኑ እንኳ አልገባውም። እኔን ግን አንገቴን አስደፋኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ ኡምቡ ንዲሉ።

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«እንግዲያው የኛው ልጅ ነሽ። ነጩን ሰውዬ ጠይቂልኝ፤ በሕይወቷ አልጠመቅም ያለችውን እናቴን፣ ከሞተች በኋላ መስቀል ቀብቶ ሊያጠምቃት ነው?»

የጉናዲ ፊትና ልብስ በቀለም ነጭ ሆኗል። ልጆቹ ሳቁ፤ አዋቂዎቹ ግን አልሳቁም። እኔም የተባለውን ቃል በቃል ተረጎምኩለት።

«ይቅርታ በያቸው፤ ግን ጊዜ የለንም፤ ነገ እዚሁ እንለካለን» አለ።

«ይቅርታውን ራስዎ ይበሉ። እኔ እዚህ ድንጋይ ላይ መቀበያ አላቆምም።»

«ትባረሪያለሽ!»

«ልባረር!»

በዚህ መሃል እማማ ኮንዳ ከቤት ወጡ። ለቀብር የሚለበሰውን የሽመና ጨርቅ በሁለት እጃቸው አቅፈው አምጥተው ድንጋዩ ላይ ዘረጉት፤ ሌሎቹ ሴቶችም ተከተሏቸው። ነጩ ምልክት በቀይና በሰማያዊ ጨርቅ ተሸፈነ። «ዓርብ አውሮፕላንህ የኔን ጨርቅ ፎቶ ያንሳ!» አሉት። ጉናዲ ምን እንዳሉ እኔን መጠየቅ አላስፈለገውም። አሥራ ሁለተኛው ነጥብ ከሌለ አውሮፕላኑ በሌላ ወጪ እንደገና መምጣት እንዳለበት ስለሚያውቅ፣ ነጥቡ ወደ መሰማሪያው እንዲመለስ፣ ድንጋዩም እንዲታጠብ እሺ አለ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዳርሞ ነጭ ጋዝና አሸዋ አመጣ፤ ድንጋዩን እንዲያጥብ ግን ኡምቡ ንዲሉ ለዳርሞ አልፈቀዱለትም። «የቀባው ያጥበው» አሉ። ጉናዲ ባዶ እግሩን፣ ተንበርክኮ፣ እስከ ቀትር ፈተገ። ሲጨርስ ሻካራው ድንጋይ ውስጥ የገባው ነጭ አልወጣም፤ እስከ ዛሬም አለ። እኔ ወደ መሰማሪያው ሄጄ ከወጣቶቹ ጋር ሣሩን አጭደን፣ ኖራ በትነን ምልክቱን ሠራን፤ ሁለት ሰዓት ለካሁ። ፈረሶቹ እንዳይረግጡት አራት ሰዎች ተፈራርቀው ጠበቁት። ዓርብ ጠዋት አውሮፕላኑ መጣ፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ምልክቱም ፎቶው ላይ ደህና ወጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። «የቡድን ሥርዓት ይጎድላታል» ይላል፤ ውሌ አልታደሰም። ስለ መቃብሩ አንድ ቃል የለበትም! ለአባቴ አነበብኩለት።

«ዝም ልትይ ነው?» አለኝ።

«ዝም ብል ያንቀኛል፣ አባዬ።»

የሆነውን ሁሉ ሦስት ገጽ ጽፌ ለዋናው መሥሪያ ቤት ላክሁ። ኡምቡ ንዲሉም በጣት አሻራቸው ፈርመዋል። መልስ አልመጣም። ትናንት ሁለተኛውን ቅጂ ላክሁ።