ኤክስፐርቱና ፍሬኑ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን መናቅ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ንቀቷ ግን ቱታ ለብሶ፣ ክሪክ ይዞ፣ ዓይኗ ሥር የተንበረከከው በዚያ እሑድ ጠዋት ነው።

መኪናዋ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከፊት ጎማዎቿ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ ይሰማል። የሰፋችውን መጋረጃ ለደንበኞች የምታደርሰው በዚያችው መኪና ስለሆነ ድምፁን መጀመሪያ የሰማችው እሷ ናት። "የፍሬን ሸራው ሳያልቅ አልቀረም፤ ጋራዥ እንውሰዳት" አለችው። ባሏ ገብቶ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረና የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

"አሁን ይሰማሻል?"

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። የምሩን ነበር።

ባሏ ጫማ ይሸጣል። በሆዷ ግን ስሙ "ኤክስፐርቱ" ነው። እሱ የማያውቀው ሙያ የለም። ቧንቧ ሲጠግን ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፉ ተንሳፍፏል። የመብራት መስመር ሲያስተካክል ጎረቤት ሁሉ በሻማ አምሽቷል። ከእያንዳንዱ ጥፋት በኋላ ደግሞ ጥፋተኛው ዕቃው ነው፤ "ድሮም የማይረባ ዕቃ ነው" ይልና እጁን ይታጠባል።

ስለዚህ "ፍሬኑን እዚሁ እኔው እቀይረዋለሁ፤ ጋራዥ ያሉት ሌቦች ናቸው" ሲላት አልተከራከረችም። ክርክር ሰው ከሚሰማ ጋር ነው።

አጫፋሪም አልጠፋለትም። ታናሽ ወንድሙ በጠዋት መጥቶ ሱሪው እንዳይቆሽሽ ራቅ ብሎ ቆመ። ይህ ሰው ለወንድሙ የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ልብስ ሰፊዋ "ልክ ነህ" የሚል ስም አውጥታለታለች።

"ወንድም ጋሼ፣ ጎማውን መጀመሪያ ነው እንዴ የምትፈታው?"

"ታዲያ በጣራው በኩል ልግባ?"

"ልክ ነህ።"

አማቷም አሉ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል፤ እሳቸው ታች በሩ አጠገብ፣ ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ ላይ ወንበር አስወጥተው፣ ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው ሹራብ ይሠራሉ። አልፎ አልፎ ዞር እያሉ "አይዞህ የኔ አንበሳ!" ይላሉ።

አንበሳው ክሪኩን አስገብቶ፣ ቡሎኖቹን በእግሩ ጭምር እየረገጠ ፈታ። አሮጌዎቹ ሸራዎች አልቀው ብረታቸው ዲስኩን ጭሮታል። አዲሶቹ ወፍራም ስለሆኑ አልገባ ሲሉት፣ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን በመያዣ ብረት ጨምቆ ወደ ኋላ መለሰው። ይህን ያየው ስልኩ ላይ ከከፈተው ቪዲዮ ነው። እዚያ ላይ ሲደርስ ግን "ሰውየው ወሬ ያበዛል" ብሎ ስልኩን ለሚስቱ ወረወረላት። እሷ እስከ መጨረሻው አየችው። ሰውየው ወሬ አላበዛም። ፒስተኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ፣ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት የፍሬኑን ፔዳል ደጋግማችሁ ርገጡ፤ አለዚያ እግራችሁ ባዶ ነው የሚያገኘው፤ ይላል።

"ስማ፣ ሳትነሳ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ ይላል" አለችው።

"አንቺ ደግሞ! መርፌ መሰለሽ እንዴ?" አለ፣ ለወንድሙ እየጠቀሰ። "ፔዳል እንዴት እንደሚረገጥ ከሚስቴ ልማር?"

"ልክ ነህ" አለ ልክ ነህ።

ደግማ ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። እስቲ ይዋረድ፣ አለች በልቧ፤ በወንድሙ ፊት፣ በእናቱ ፊት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዕቃው ሳይሆን እሱ ይፈር።

ሁለቱን ጎማዎች መልሶ ካሰረ በኋላ የመኪናዋን በር ከፈተላት። "ጋቢና ግቢ። መኪናዋ ዝም ማለቷን በራስሽ ጆሮ ትሰሚያለሽ።" ገባች። ውርደቱን ከቅርብ ሆና ልታየው ነው የገባችው።

ሞተሩን አስነስቶ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀ። መኪናዋ ቁልቁለቱን ቀስ ብላ ጀመረችው። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ ስታይ ከፊታቸው ያለው የብረት በሩ ብቻ አይደለም። በሩ አጠገብ የአማቷ ጀርባ አለ፤ ሻሻቸው፣ የታጠፈ ትከሻቸው፣ ምንም የማይሰሙት ጆሯቸው።

ኤክስፐርቱ ፔዳሉን ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ወረደ። እንደገና ረገጠ።

"ፍሬን!" ብሎ ጮኸ፣ ሌላ ሰው የሚያዝ ይመስል። "ፍሬን! ፍሬን!"

"እማዬ!" አለ ልክ ነህ ከኋላ። ወንድሙ ተናግሮ "ልክ ነህ" ሳይል ሲቀር የመጀመሪያው ነበር፤ ምንም አልጠቀመም።

ልብስ ሰፊዋ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ላይ ሳበችው። የኋላ ጎማዎቹ ሲጢጥ ብለው ቆሙ። የመኪናዋ አፍንጫ የሹራቡን ክር ኳስ ገፍቶ ከወንበሩ እግር ጋር አጣበቀው፤ ከዚያ በላይ አልሄደም።

አሮጊቷ ክሩ ሲሳብባቸው ዞሩ። ሙሉ መኪና ጀርባቸው ሥር ቆሟል። ትንሽ አዩትና ፊታቸው በራ።

"ጎበዝ! እንዴት አድርጎ ይይዛል እናንተ! እዚህ ድረስ አምጥቶ ቀጥ!"

ልብስ ሰፊዋ ወርዳ ጆሯቸው ሥር ጎንበስ አለች። "እማማ፣ ፍሬኑ አልያዘም! እኔ ነኝ የያዝኩት!"

"አዎ ልጄ፣ ያዢው፣ አጥብቀሽ ያዢው! እንዲህ ያለ ባል ከየት ይገኛል!"

ኤክስፐርቱ መሪውን እንደጨበጠ ነው። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። እናቱ ሲያሞግሱት ግን ቀስ በቀስ ደም ተመለሰለት፤ መስኮቱን አወረደና ለወንድሙ "የእጅ ፍሬኑንም አብሬ መሞከር ስለነበረብኝ ነው" አለው።

ያን ጊዜ የናቀችው እሱን ብቻ አልነበረም። አሮጊቷ ሊጨፈለቁ የአንድ ስንዝር ያህል ሲቀር፣ እሷ የሰው ውርደት ለማየት ወንበሯን አመቻችታ ተቀምጣ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። እሱን ብትሰድበው ግን ከስድቡ ግማሹ ለራሷ እንደሚደርሳት ገባት።

"ውረድ" አለችው ብቻ።

ወረደ። ተቀምጣ ፔዳሉን ረገጠች፤ ሰመጠ። ደጋገመችው፤ ቀስ እያለ ጠነከረና እግሯን መለሰላት። አማቷን ከነወንበራቸው ወደ ጥግ አዛውራ፣ በሩን አስከፍታ መንገዱ ላይ ነዳች፣ ያዘች፣ ነዳች፣ ያዘች። የሚፋጭ ነገር የለም። ኤክስፐርቱ ሸራውን በትክክል ነበር የገጠመው። ይህ ደግሞ ከሁሉ በላይ አናደዳት።

ባሏ ታሪኩን እስከ ዛሬ ለጫማ ገዢዎቹ ያወራዋል፤ በእሱ አፍ የእጅ ፍሬን ሙከራ ሆኗል። እሷ አታርመውም። የመኪናውን ቁልፍ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መርፌና መቀሷን ከምትይዝበት ቦርሳ ውጭ አስቀምጣ አታውቅም። የኋላ ፍሬኑ መፋጨት በጀመረ ጊዜም የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አድርጎ "ልየው?" ቢላት፣ "ገና ነው" ብላ ሸኘችውና በማግሥቱ ሳትነግረው ጋራዥ ወሰደቻት።