አራት መቶ ቢጫ ሪባን

ላስ ቬጋስ ውስጥ ዊግ ደፍቶ፣ የሐር ኮት ለብሶ የሚዞር ሰው ብርቅ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ የለበሰ አንድ ሽማግሌ እዚያው ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር ወዳለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ሲገባ፣ የአንዱ ካዚኖ ትርኢት ሠሪ ነው ብዬ ልብ ብዬም አላየሁት። አራት መቶ ቢጫ የሪባን አበባ አዘዘኝ። ለምርጫ እንደሚወዳደር፣ ከእኔ በፊት ጎረቤቴን ፀጉር አስተካካዩን ሐሚድንና ሌሎቹን ባለሱቆች ሁሉ እየዞረ ሥራ እንዳዘዘ ነገረኝ። በምላሹ የሚፈልገው ድምፃችንን ብቻ ነው። በአገሩ በእንግሊዝ ከሁለት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት ያሸነፈው እንዲህ እንደነበረ፣ ቃል ገብቶ ድምፁን የነፈገውን ነጋዴ ደጅ ማንም እንዳልረገጠ አጫወተኝ። ትወናውን እየተለማመደ መስሎኝ ሳቅሁ።

ዜግነት ካገኘሁ ዓመት አልሞላኝም፤ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነበር። ግን ሽማግሌን ፊት ለፊት እምቢ ማለት አልፈጠረብኝም። ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር አንድ ቀን ይገድለኛል። እሺ፣ ድምፄን ለእርስዎ እሰጣለሁ አልኩ፤ አበቦቹንም ሰፍቼ አስረከብኩት።

የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በፖስታ ሲመጣ የሰውዬው ስም የለበትም። ተገላገልኩ ብዬ የወደድኳትን ተወዳዳሪ መረጥኩ። ለባለቤቴ ለዙህራ እንኳ ሳልነግር አሽጌ ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ትልቅ መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ። የባለሱቆቹ ሁሉ ስም ከነሙያችን ተጽፏል፤ ከጎኑ ደግሞ የመረጥነው ሰው። «ሚቅዳድ፣ ልብስ ሰፊ» ከሚለው ጎን የመረጥኳት ሴትዮ ስም አለ። ቀለሙ ገና አልደረቀም።

«ስምዎ ወረቀቱ ላይ አልነበረም እኮ» አልኩ።

«ሌሎቹ ስሜን ወረቀቱ ላይ በእጃቸው ጻፉልኝ» አለ። ሳይቆጣ መዝገቡን አጥፎ ወጣ።

ሱሪያቸውን ሊወስዱ የቀጠርኳቸው የሆቴል ሠራተኞች ደረታቸው ላይ ቢጫ ሪባን አድርገው በሬን አልፈው ሄዱ። ሐሚድም ሪባኑን ሰክቶ ደጁ ላይ ቆሟል። በሬ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ አልዞረም። ተናደድኩ። ዙህራ ምሳ ይዛልኝ ትምጣና አብረን እናፋጥጠዋለን ብዬ ተጽናናሁ።

ቀትር ላይ ምሳ ዕቃውን አንጠልጥላ መጣች። የእሷም ደረት ላይ ሪባን አለ፤ ስፌቱ የእኔው ነው። ፊቷ ቆሜ ስሟን ጠራሁ። በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ሱቁ ውስጥ ተመለከተችና ግራ ገብቷት ወደ ሐሚድ ዞረች።

«ሐሚድ፣ ይሄን ምሳ ለማን እንደያዝኩት ጠፋኝ» አለችው። «ይሄ ሱቅ ድሮም ባዶ ነው አይደል?»